ጊምፕን ለሊኑክስ መጠቅለል፦ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚባለው ነገር

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ አንድ የፎቶ ስቱዲዮ እንውሰድ። ኮምፒውተሩ ላይ ዴቢያን 13 የተባለ የሊኑክስ ዓይነት ተጭኗል፤ ፎቶ የሚያስተካክሉት በጊምፕ ነው። አንዲት እናት በአይፎን ያነሳችውን የልጇን ልደት ፎቶ በፍላሽ ይዛ ትመጣለች። ፋይሉን ሲከፍቱት ጊምፕ አልችልም ይላል። ያው ፎቶ ጊምፕን ለመጫን በሚመች አንድ ፋይል (ፓኬጅ) ጠቅልሎ ያዘጋጀላቸው ልጅ ላፕቶፕ ላይ ግን ወዲያው ይከፈታል። ሁለቱም ጋ ያለው ጊምፕ 3.0.4 ነው፤ የተጫነውም ከአንድ ፋይል ነው። ስቱዲዮው «ሊኑክስ አይረባም» ይላል፣ ልጁ ደግሞ «እኔ ጋ ይሠራል»። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት።

ሶርስ ኮድን (ሰው የጻፈውን የፕሮግራም ጽሑፍ) ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ማሽን ወደሚያስኬደው ፕሮግራም መለወጥ፣ ትዕግሥት ላለው ሁሉ ይሳካል። አስቸጋሪው ፕሮግራሙ የእናንተ ባልሆነ ማሽን ላይ፣ እናንተ በሌላችሁበት፣ ኢንተርኔትም በተቋረጠበት ሰዓት እንዲሠራ ማድረግ ነው። የጥቅለላ ሥራ ማለት ይሄ ነው። የስቱዲዮው እንቆቅልሽም መልሱ ኮዱ ውስጥ አይደለም፤ ቀስ ብለን እንደርስበታለን። (ትዕዛዞችና የፋይል ስሞች እዚህ በአነባበባቸው ተጽፈዋል፤ ተርሚናል ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።)

ጊምፕ እ.ኤ.አ. በ1995 ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት ነው። ዛሬ ብዙ የሊኑክስ ፕሮግራም መስኮትና ቁልፍ የሚሠራበት ጂቲኬ የተባለው ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት የተዘጋጀ ኮድ) መጀመሪያ የተጻፈው ለጊምፕ ነበር። ቨርሽን 2.10 እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ወጣ፤ 3.0 ደግሞ በማርች 2025። በነዚህ ሰባት ዓመታት ብዙ ነገር ተገለባብጧል፦ ጂቲኬ ከ2 ወደ 3፣ በፓይተን የሚጻፉት ፕለጊኖች (ተጨማሪ ሥራ የሚሰጡ ቅጥያዎች) ከፓይተን 2 ወደ 3፣ ኮምፓይል የሚደረግበትም መሣሪያ ከአውቶቱልስ ወደ ሜሶን ዞሯል። ስለዚህ ለ2.10 የተጻፈ መመሪያ ይዞ 3.0ን ለመጠቅለል የሚነሳ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከጊምፕ ሥር ሁለት ላይብረሪዎች አሉ። ባብል የፒክስልና የቀለም ዓይነቶችን እርስ በርስ ይተረጉማል፤ ጌግል ደግሞ ፎቶው ላይ የሚካሄደውን ስሌት ይሠራል። ሁለቱም ከጊምፕ ጋር አብረው ስለሚያድጉ አዲስ ጊምፕ አዲስ ባብልና አዲስ ጌግል ይጠይቃል። ዴቢያን 12 ላይ 3.0ን በቀጥታ ልሥራ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጋጨው ከዚህ ጋር ነው፤ እዚያ ያሉት ሁለቱ ላይብረሪዎች ለ3.0 አርጅተውበታል። ቅደም ተከተሉ ባብል፣ ቀጥሎ ጌግል፣ በመጨረሻ ጊምፕ ነው። እያንዳንዱ ተጠቅልሎ ካልተጫነ ቀጣዩ ኮምፓይል አይሆንም። አንድ ፕሮግራም ለመጠቅለል የተነሳ ሰው ሦስት ጠቅልሎ ያድራል ማለት ነው። ዴቢያን 13 ላይ ግን 3.0.4 ከነሙሉ ላይብረሪው ስላለ ከዚህ ጣጣ ትድናላችሁ፤ ምርጫ ካላችሁ እሱን ምረጡ።

መለያው

የዴቢያን ፓኬጅ የሚቀመጥበት የዴብ ፋይል ሲከፈት ውስጡ ሁለት የታመቁ ማህደሮች ይገኛሉ። አንዱ የፕሮግራሙን ፋይሎች ይይዛል፤ ሌላው ስለ ፕሮግራሙ የተጻፈውን። ሁለተኛውን የቡና ጆንያ ላይ እንደሚታሰረው መለያ አስቡት። ጆንያው ሳይፈታ ከየት እንደመጣ፣ ደረጃው ምን እንደሆነ መለያው ላይ ይነበባል። ዴቢያን ላይ ፕሮግራም የሚጭነው አፕትም እንደዚያው ነው፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቶ አያይም፣ መለያውን አንብቦ ብቻ «ይህ እነዚህን ይፈልጋል» ብሎ ይወስናል። መለያው ላይ ያልተጻፈ ነገር ለአፕት የለም።

መለያው ላይ ሦስት ዓይነት ፍላጎት ይጻፋል። «ዲፔንድስ» ያለሱ አይጫንም ማለት ነው። «ሬኮመንድስ» በተለመደው አጫጫን አብሮ ይመጣል፣ ግን ተጠቃሚው አልፈልግም ማለት ይችላል። «ሰጀስትስ» ምክር ብቻ ነው፤ አፕት በራሱ አይጭነውም። ይህን ልዩነት እንደ ቀላል የሚያይ ሰው በኋላ ዋጋ ይከፍላል።

ሥራውን ከባዶ መጀመር አያስፈልግም፤ የዴቢያን ሰዎች የሠሩትን መነሻ ማድረግ ይበልጣል። የአፕት ምንጮች ዝርዝር ውስጥ «ዴብ» ከሚለው ጎን «ዴብ-ኤስአርሲ» መጨመር አለበት፤ ካልተጨመረ «አፕት ሶርስ ጊምፕ» የሚለው ትዕዛዝ ምንጭ የለኝም ብሎ ይቆማል። ከተጨመረ ሦስት ነገር ይወርዳል፦ የጊምፕ ሰዎች የለቀቁት ኮድ ሳይነካ በ«ኦሪጅ» ስም፣ የዴቢያን ጭማሪዎች ያሉበት ትንሽ ማህደር፣ የሁለቱን ልክና አሻራ የያዘ «ዲኤስሲ» የተባለ ጽሑፍ። «አፕት ቢልድ-ዴፕ ጊምፕ» ደግሞ ለኮምፓይል የሚያስፈልጉትን ሁሉ ይጭናል። ብዙውን የኢንተርኔት ፓኬጅ የሚበላው ይኸኛው ነው፤ ማታ ዋጋ ሲቀንስ ማውረድ ይሻላል።

ዋናው ሥራ ያለው «ዴቢያን» የተባለው ፎልደር ውስጥ ነው። «ኮንትሮል» መለያው ነው። «ሩልስ» አሠራሩ ነው፤ ዴብሄልፐር የተባለው መሣሪያ አብዛኛውን ስለሚሸከም ሦስት መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። ግን ሩልስ ሜክ የተባለው መሣሪያ የሚያነበው ፋይል ስለሆነ ከትዕዛዝ በፊት ያለው ክፍተት ታብ እንጂ ስፔስ መሆን አይችልም። ኤዲተራችሁ ታብን በስፔስ የሚተካ ከሆነ ፋይሉ ዓይን ላይ ልክ ይመስላል፣ ሜክ ግን «ሴፓሬተር ጎደለ» ብሎ ይቆማል። ጀማሪን በብዛት የሚያንገላታው ስህተት ይህ ነው። «ቼንጅሎግ» ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፤ የአዘጋጁ መስመር በአንድ ስፔስና በሁለት ሰረዝ ይጀምራል፣ በኢሜይሉና በቀኑ መካከል ደግሞ በትክክል ሁለት ስፔስ ይገባል። በእጅ ከመጻፍ «ዲሲኤች» በተባለው መሣሪያ መጻፍ ይሻላል።

የጊምፕን ኮድ መቀየር ካስፈለገ ኦሪጅ ማህደሩ አይነካም። ለውጡ «ፓችስ» ፎልደር ውስጥ ራሱን የቻለ ፓች (ለውጡን ብቻ የያዘ ፋይል) ሆኖ ይቀመጣል፣ ክዊልት በተባለ መሣሪያ ይተዳደራል። ኮዱን በቀጥታ ነክታችሁ ብትጠቅሉ መሣሪያው ያልጠበቅሁት ለውጥ አየሁ ብሎ ያቆማችኋል። ደግ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደቀየራችሁ የምታስታውሱት በፓቹ ነው።

መሣሪያው የማያያቸው ሦስት ነገሮች

ወደ እንቆቅልሹ እንመለስ። የዲፔንድስ ዝርዝር በአብዛኛው በእጅ አይጻፍም። ኮምፓይሉ ሲያልቅ «ሽሊብዴፕስ» የተባለ መሣሪያ የተሠሩትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ገልጦ የትኞቹን ላይብረሪዎች እንደሚጠሩ ያነብና ዝርዝሩን ራሱ ይሞላል። በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው። ሰው የሚሳሳተው ሁሉን ያያል ብሎ ሲያምን ነው።

አንደኛ፣ ያልተሠራን ነገር አያይም። ጊምፕ የሚከፍታቸው ብዙ የፋይል ዓይነቶች አማራጭ ናቸው፦ ሄይክ፣ ዌብፒ፣ ጄፔግ ኤክስኤል፣ ኦፕን ኢኤክስአር፣ ፖስትስክሪፕት። ከነዚህ ብዙዎቹ ሜሶን ላይ «አውቶ» ተብለው ይቀመጣሉ፤ ትርጉሙ «ላይብረሪውን ካገኘሁ እሠራዋለሁ፣ ካላገኘሁ ዝም ብዬ አልፋለሁ» ነው። ዝም ማለቱ ነው ጣጣው። ኮምፓይሉ ያለ አንድ ስህተት ይጠናቀቃል፣ ፓኬጁ ይወጣል፣ ከወር በኋላ አንድ ሰው የሄይክ ፋይል ይዞ ሲመጣ ነው የጎደለው የሚታወቀው። መድኃኒቱ አማራጩን ከ«አውቶ» ወደ «ኢኔብልድ» መቀየር ነው። ያኔ ላይብረሪው ከሌለ ሥራው ገና ከጅምሩ ይቆማል። ቢያንስ ሜሶን መጀመሪያ ላይ የሚያወጣውን ማጠቃለያ ሰንጠረዥ ቁጭ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ አማራጭ «የስ» ወይም «ኖ» ተብሎ እዚያ ተዘርዝሯል።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ሳለ የሚጠራውን አያይም። ስቱዲዮው የተሰናከለው እዚህ ነው። አይፎኖች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፎቶ በሄይክ ያስቀምጣሉ፤ ጊምፕ ሄይክን የሚያነበው ሊብሂፍ በተባለ ላይብረሪ ነው። ሽሊብዴፕስ ሊብሂፍን አይቷል፣ ዝርዝሩ ላይ ጽፎታል፣ ስቱዲዮውም ጋ ተጭኗል። ነገር ግን ሊብሂፍ ራሱ ምስሉን አይፈታም፤ ሲፈለግ ዲኮደር ከጎን ይጠራል። ዴቢያን 13 ላይ ዲኮደሮቹ በየራሳቸው ፓኬጅ ተለያይተዋል፤ የአይፎን ፎቶ የሚፈልገው ሊብዲኢ265 የተባለውን ነው። ልጁ ስቱዲዮው ጋ ሲጭን ኢንተርኔት ለመቆጠብ «ኖ-ኢንስቶል-ሬኮመንድስ» የሚል ምልክት ጨምሯል፤ ዲኮደሩ ሬኮመንድስ ላይ ስለሆነ ቀርቷል። በላፕቶፑ ላይ ግን ዲኮደሩ ከሌላ ፕሮግራም ጋር ከድሮም ነበረ። በር አለ፣ ቁልፍ የለም። ዲኮደሩን መጫን ችግሩን በአንድ ደቂቃ ይፈታዋል፤ ጊምፕን እንደገና መጠቅለል አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ስክሪፕት አያይም። ጊምፕ 3 ላይ የፓይተን ፕለጊኖች ከጊምፕ ጋር የሚነጋገሩት ጂኦብጀክት ኢንትሮስፔክሽን በሚባል መንገድ ነው። ይህ ደግሞ የፓይተን «ጂአይ» ሞጁልንና ጊምፕ ራሱ የሚያወጣቸውን የመግለጫ ፋይሎች ይጠይቃል። የፓይተን ፋይል ተራ ጽሑፍ እንጂ ኮምፓይል የሆነ ፕሮግራም ስላልሆነ ሽሊብዴፕስ አይገልጠውም። አንዱ ከጎደለ ጊምፕ በደንብ ይነሳል፤ ፕለጊኖቹ ግን ከሜኑው ላይ የሉም። የስህተት መስኮት አይወጣም። ጊምፕን ከተርሚናል ብታስነሱት ብቻ ቅሬታውን ታነባላችሁ፤ ስለዚህ የተሠራን ፓኬጅ መጀመሪያ የምትሞክሩት ከሜኑ ሳይሆን ከተርሚናል ይሁን። እነዚህን ሁለቱን ፍላጎቶች ኮንትሮል ላይ በእጃችሁ ትጽፋላችሁ።

ሦስቱም ችግሮች የሚጋለጡበት አንድ ቦታ አለ፤ ምንም ያልተጫነበት ማሽን። ለጥቅለላው ጊዜ እንዲህ ያለውን ማሽን የሚሰጠው «ኤስቢልድ» ነው። በየጊዜው መሠረታዊው ዴቢያን ብቻ ያለበት ባዶ ክፍል ይከፍታል፣ ኮንትሮል ላይ «ቢልድ-ዲፔንድስ» ተብለው የተጻፉትን ብቻ ያስገባል፣ ጠቅልሎ ሲጨርስ ክፍሉን ያፈርሰዋል። የእናንተ ላፕቶፕ ለዓመታት ያከማቸው ላይብረሪ እዚያ የለም። የዴቢያን ሰርቨሮች ፓኬጅ ሲሠሩ ኢንተርኔትም አይሰጡትም፤ ኮምፓይል መሃል ላይ ከኢንተርኔት ነገር የሚያወርድ ፕሮግራም እዚያው ይወድቃል። ለዚህ ነው ዴብሄልፐር ሜሶንን «ምንም እንዳታወርድ» ብሎ የሚጠራው።

ቁጥሩ ላይ የሚሠራ ስህተት

ዴቢያን ውስጥ ያለው ፓኬጅ 3.0.4-3 ነው እንበል። ከሰረዙ በፊት ያለው የጊምፕ ሰዎች ቁጥር ነው፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው የጠቅላዩ። እናንተ ትንሽ ለውጥ አድርጋችሁ ብትጠቅሉ ሌላ ቁጥር ያስፈልጋችኋል፣ ካልሆነ አፕት ያው ነው ብሎ አይተካውም። ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው 3.0.4-3+ጅማ1 ነው። ያምራል፤ አደጋም አለው።

አፕት ቁጥሮችን የሚያወዳድረው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ ፊደል ሲያገኝ በላቲን ተራ ያስቀድማል። ዴቢያን የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚያወጣው ማስተካከያ 3.0.4-3+ዴብ13ዩ1 የሚል መልክ አለው። «ዴብ» በ«ዲ» ይጀምራል፣ «ጅማ» በ«ጄ»፤ «ዲ» ትቀድማለች። ስለዚህ አፕት የእናንተን ፓኬጅ ከደኅንነት ማስተካከያው ይበልጣል ብሎ ያስባል። ማስተካከያው ይወጣል፣ የእናንተ ፓኬጅ ያለባቸው ማሽኖች ግን «ሁሉም አዲስ ነው» እያሉ ቀዳዳውን እንደያዙ ይቆያሉ። ፎቶ ማስተካከያ ደግሞ ከማንም የመጣ ፋይል የሚከፍት ፕሮግራም ነው፤ በተበላሸ ምስል በኩል የሚገባ ጥቃት በወሬ ብቻ ያለ አይደለም።

መፍትሔው ከ«ዲ» በፊት በሚመጣ ፊደል መጀመር ነው። ለጅማ የተመቸ ስም አለ፦ 3.0.4-3+አባጅፋር1። በላቲን በ«ኤ» ስለሚጀምር ከ3.0.4-3 ይበልጣል፣ ከ+ዴብ13ዩ1 ግን ያንሳል። ማስተካከያው ሲመጣ ያለ ጭቅጭቅ ይተካዋል፤ እናንተም ለውጣችሁን በአዲሱ ላይ እንደገና ትጭኑበታላችሁ። ግምት አያስፈልግም፤ «ዲፒኬጂ ኮምፔር-ቨርሽንስ» ሁለት ቁጥር ተቀብሎ የቱ እንደሚበልጥ ይነግራችኋል። የ~ ምልክት ደግሞ ከምንም ያነሰ ተደርጎ ይቆጠራል፤ 3.0.0~አርሲ1 ከ3.0.0 በፊት የሚመጣው ለዚህ ነው። የሙከራ ቨርሽን ያለ ~ የጠቀለለ ሰው ዋናው ሲወጣ ማሻሻል ያቅተዋል።

ራምና መብራት

ጊምፕን ኮምፓይል ማድረግ እንደ ማሽኑ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ይወስዳል። ኒንጃ የተባለው አሠሪ ፕሮሰሰሩ ባለው ኮር ልክ ሥራ በአንዴ ይከፍታል፤ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ ብሮውዘርም ከተከፈተ ራሙ ሞልቶ ማሽኑ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፣ ይንቀራፈፋል። «ዴብ ቢልድ ኦፕሽንስ» ላይ «ፓራለል=2» ብላችሁ ወስኑት። ዘገየ ቢመስልም ቀድሞ ይጨርሳል።

መብራት ሲሄድ ኤስቢልድ የከፈተው ክፍል አብሮ ይጠፋል፣ ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ ሙከራውን በተራ ፎልደር ውስጥ «ዲፒኬጂ-ቢልድፓኬጅ»ን «ሳታጸዳ» በሚለው ምልክት እያስነሳችሁ ሥሩ፤ ኒንጃ ካቆመበት ይቀጥላል። ኤስቢልድን ለመጨረሻው ዙር፣ ባትሪ ሙሉ ሲሆን አስቀሩት። መብራት ድንገት ከጠፋ በኋላ ሊንከሩ (ኮምፓይል የሆኑትን ቁርጥራጮች የሚያያይዘው መሣሪያ) «የማላውቀው ፋይል ነው» ካለ ኮዱን አትክሰሱት፤ ሲጻፍ የተቋረጠ ባዶ ፋይል ቀርቷል። ልካቸው ዜሮ የሆኑትን ፈልጎ ማጥፋትና መቀጠል ነው።

ራም ከተነሳ አይቀር ተጠቃሚው ጋ ያለውንም እናስላ፤ የጠቅላይ ሥራ ነውና። 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ የምርቃት ባነር በ100 ዲፒአይ ሲከፈት 11,811 በ7,874 ፒክስል ነው፤ 93 ሚሊዮን ፒክስል ማለት ነው። በ8 ቢት እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ስለሚይዝ አንድ ሌየር ብቻ 372 ሜጋባይት ይሆናል። ሰውየው ሳያውቅ 32 ቢት ፍሎት ከመረጠ ያው ሌየር ወደ 1.5 ጊጋባይት ይጠጋል። አምስት ሌየር ሲሆን ጊምፕ የተረፈውን ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራል፤ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ብሩሹ ከእጅ በኋላ እየተጎተተ ይመጣል። «ኢቲሲ» ሥር ባለው የጊምፕ ፎልደር ውስጥ «ጊምፕአርሲ» የተባለ ፋይል ላይ «ታይል-ካሽ-ሳይዝ» የሚለውን ለማሽኑ በሚስማማ ልክ ማስቀመጥ ይቻላል፤ 4 ጊጋባይት ላለው ማሽን 2 ጊጋባይት ጥሩ መነሻ ነው። ተጠቃሚው የራሱን ምርጫ ካስቀመጠ የእሱ ይበልጣል። የተጠቃሚውን ሆም ፎልደር ግን ፓኬጅ መቼም አይነካም።

«ኢቲሲ» ውስጥ ያለ ፋይል በእጅ ከተቀየረ፣ አዲሱ ፓኬጅም የተለወጠ ይዞ ከመጣ፣ ሲሻሻል ከአፕት ሥር ሆኖ ፓኬጁን የሚጭነው ዲፒኬጂ «የቱን ላስቀር?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ማሽን ላይ ጥሩ ነው። ሃያ ማሽን ያለው ላብራቶሪ በሌሊት ራሱን እንዲያሻሽል ከተደረገ ግን ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ ስለሌለ ሃያውም ጊምፕን ሳያሻሽሉ ያድራሉ። ለውጡን በየማሽኑ በእጅ ከመጻፍ ፓች አድርጎ ፓኬጁ ውስጥ መክተት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ወደ ላብራቶሪው መውሰድ

የዴብ ፋይሉን ብቻ በፍላሽ ይዞ መሄድ አይበቃም። «ዲፒኬጂ -አይ» የሚፈልገውን ላይብረሪ አያመጣም፤ ፓኬጁን በግማሽ ተጭኖ ይተወዋል። «አፕት ኢንስቶል» ከነፋይሉ አድራሻ ሲሰጠው ያመጣል፣ ግን ኢንተርኔት ሲኖር ነው። ከሌለ ሁሉንም ይዞ መሄድ ነው።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሰው ላፕቶፑ ላይ «አውርድ ብቻ» ይላል፤ አፕት ደግሞ ላፕቶፑ የሌለውን ብቻ ያወርዳል። ላብራቶሪ ሲደረስ ግማሹ ይጎድላል። ትክክለኛው መንገድ ከላብራቶሪው ማሽኖች ጋር በአንድ ዓይነት የተጫነ አዲስ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚነሳ ሌላ ማሽን) አስነስቶ እዚያ ላይ ማውረድ ነው። ፋይሎቹ የሚከማቹት «ቫር» ሥር ባለው የአፕት ካሽ ውስጥ ነው። ከዚያ «ሬፕሬፕሮ» በተባለው መሣሪያ ትንሽ ሪፖዚተሪ (አፕት የሚጭንበት የፓኬጆች ማከማቻ) ይሠራል፣ በጂፒጂ ቁልፍ ይፈረማል፤ በየማሽኑ የቁልፉ ቅጂና የአድራሻው መስመር ይገባል። «ትረስትድ=የስ» ብሎ ፊርማውን መዝለል ይቻላል፤ ግን ፍላሹን የነካ ሁሉ ማሽኖቹ ላይ ያሻውን መጫን ይችላል ማለት ስለሆነ አይመከርም። አንድ ማሽን ኢንተርኔት ካገኘ «አፕት-ካሸር-ኤንጂ» ሌላው አማራጭ ነው፤ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ ከእሱ ይወስዳሉ። ሃያ ጊዜ የሚከፈለው አንዴ ይከፈላል።

አሮጌ 32 ቢት ማሽን ካለ ጊዜ አታባክኑበት፤ ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ኢንቴል አዲስ መጫኛ አቁሟል።

ፍላትፓክ የተባለው ሌላው የአጫጫን መንገድስ ለምን አይሆንም የሚል ይኖራል። ይሆናል፤ ኢንተርኔቱ ያልተገደበ ከሆነና ማሽኑ አንድ ከሆነ ከላይ የተባለውን ድካም ሁሉ ያስቀራል። ግን የራሱን ላይብረሪዎች በሙሉ ይዞ ስለሚመጣ ማውረዱ በመቶዎች በሚቆጠር ሜጋባይት ነው።

ፊደል

ጅማ ውስጥ የሚሠራ ባነር አፋን ኦሮሞም አማርኛም ይኖርበታል። ቁቤው በላቲን ስለሚጻፍ ማንኛውም ፎንት ይበቃዋል፤ ግዕዙ ግን የራሱን ይፈልጋል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በቨርሽን 3.0 ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል ራሱን የቻለ ኮድ ስላለው ጊምፕ እንደ ዓረብኛ መገጣጠም አይጠበቅበትም። ስለዚህ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ከታየ ጊምፕ አልተበላሸም፤ ፎንት የለም። ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት የተጻፈ የድሮ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ሳጥን ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ይመጣል፤ ያኛው እንደገና ከመጻፍ ወይም ከመቀየሪያ ውጭ መድኃኒት የለውም።

ለዚህ ሲሉ ጊምፕን የሚቀይሩ አሉ፤ አያስፈልግም። «ሜታፓኬጅ» የሚባል፣ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ መለያ ብቻ ያለው ፓኬጅ «ኢክዊቭስ» በተባለ መሣሪያ በአሥር ደቂቃ ይሠራል። ዲፔንድሱ ላይ ጊምፕ፣ አቢሲኒካ ፎንት፣ ኖቶ ፎንቶች፣ አይባስ ከነኤም17ኤን የአማርኛ መጻፊያው፣ ያንን የሄይክ ዲኮደርም ጨምሩበት። ዲኮደሩ አሁን ሬኮመንድስ ላይ ሳይሆን ዲፔንድስ ላይ ስለሆነ ኢንተርኔት ቆጣቢው ልጅ እንኳ ሊያስቀረው አይችልም። ዴቢያን ጊምፕን ሲያሻሽል እናንተ የምትነኩት ነገር የለም።

ከመታደሉ በፊት «ሊንቲያን» የተባለው መርማሪ መሣሪያ ፓኬጁን ያንብበው፤ የሚያወጣቸውን ስህተቶች አስተካክሉ፣ ማስጠንቀቂያዎቹን እያመዛዘናችሁ እለፉ። «ፒዩፓርትስ» ደግሞ ባዶ ክፍል ውስጥ ጭኖ፣ አጥፍቶ፣ የቀረ ትራፊ ካለ ይናገራል። የቀረው የእጅ ሥራ ነው፦ አዲሱ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ከተርሚናል ማስነሳት፣ አንድ ሄይክ፣ አንድ ዌብፒ፣ አንድ ፒኤስዲ መክፈት፣ በአማርኛ አንድ መስመር መጻፍ፣ የፓይተን ፕለጊኖቹ ሜኑ ላይ መኖራቸውን ማየት፣ ወደ ቲፍ አውጥቶ ማተሚያ ቤቱ ጋ መከፈቱን ማረጋገጥ።

ጊምፕ የሚታደለው በጂፒኤል 3 ፈቃድ ነው። የዴብ ፋይሉን ለስቱዲዮ ወይም ለትምህርት ቤት በፍላሽ የሰጠ ሰው ሶርሱንም የመስጠት ግዴታ አለበት። ቀላሉ መንገድ እዚያው ፍላሽ ላይ «ሶርስ» የሚል ፎልደር ከፍቶ ኦሪጅ ማህደሩን፣ የዴቢያን ማህደሩን ከነፓቾቻችሁ፣ ዲኤስሲውንም ማስቀመጥ ነው። ሦስቱ ፋይሎች ተደምረው አንድ አጭር ቪዲዮ ያህል ቦታ ቢይዙ ነው።